ዲስክ ባዶ እያለ «ቦታ የለም» ሲል፦ የቤት ሰርቨር ችግርና መፍትሄ

ጅማ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች ደጋግመው የሚያነሱት ችግር አለ። አንሬድ (Unraid) የሚባል የሰርቨር ሲስተም የተጫነበት ሰርቨር አላቸው፤ ሦስት አራት ዲስክ ተሰክቶበታል። ፋይል ሲገለብጡ ግን «ቦታ የለም» ይላቸዋል። አንደኛው ዲስክ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ሌሎቹ ባዶ ናቸው። ብዙዎቹ ወዲያው ዲስክ ተበላሸ ብለው ይደነግጣሉ። ዲስኩ ደህና ነው።

ምክንያቱ

አንሬድ አንድን ፋይል ቆራርጦ ዲስኮች ላይ አይበትንም። እያንዳንዱ ፋይል ሙሉውን አንድ ዲስክ ላይ ያርፋል። የትኛው ላይ እንደሚያርፍ በዋናነት ሁለት ሴቲንጎች ይወስናሉ። «አሎኬሽን ሜተድ» ባለው ክፍት ቦታ መሠረት ዲስክ ይመርጣል። «ስፕሊት ሌቭል» ደግሞ አንድ ፎልደር ብዙ ዲስክ ላይ መከፈል ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ይቆርጣል። ሁለቱ ሲጋጩ የሚያሸንፈው ስፕሊት ሌቭል ነው፣ ዲስኩ ቢሞላም እንኳ። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

«ሰርግ» የሚል ሼር፣ ማለትም ሁሉንም ዲስኮች እንደ አንድ ፎልደር የሚያሳይ የጋራ ፎልደር፣ አላችሁ እንበል። ውስጡ «2017» አለ፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ ለየሙሽሮቹ አንዳንድ ፎልደር። ስፕሊት ሌቭሉ የላይኛውን ደረጃ ብቻ እንዲከፍል ከተደረገ፣ «2017» መጀመሪያ የተፈጠረበት ዲስክ የዓመቱን ሰርግ በሙሉ ይሸከማል።

መፍትሄው

የሼሩን ሴቲንግ ክፈቱና ስፕሊት ሌቭሉን ወደ ሁለት ደረጃ ቀይሩት። ከዚያ በኋላ አዲስ ሰርግ ክፍት ዲስክ ላይ ይጀምራል፤ የአንድ ሰርግ ፋይሎች ግን አብረው ይቆያሉ። እኔ ለቪዲዮ ሥራ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ቅያሪው የቆየ ፋይል አያነሳም። የሞላውን ዲስክ በእጅ ማቅለል አለባችሁ። ከዲስክ ወደ ዲስክ ብቻ ገልብጡ። ከዲስክ ወደ ሼር ከገለበጣችሁ ፋይሉ በራሱ ላይ ሊጻፍና ሊጠፋ ይችላል፤ እባካችሁ ይህን አትሞክሩት። እኛ ጋ መብራት ድንገት ስለሚሄድም «ሙቭ» አትበሉ፤ መጀመሪያ ኮፒ፣ ከዚያ ኮፒው በትክክል መከፈቱን ማረጋገጥ፣ መጨረሻ ላይ ማጥፋት።

ኮፒው መሃል ላይ ከተቋረጠስ?

አንሬድ ፋይሉ ስንት ጊጋ እንደሚሆን አስቀድሞ አያውቅም። 20 ጊጋ የቀረው ዲስክ ላይ 60 ጊጋ ፋይል ሊጀምር ይችላል። «ሚኒመም ፍሪ ስፔስ» የሚለውን፣ ማለትም ዲስክ ላይ መቅረት ያለበትን ዝቅተኛ ክፍት ቦታ፣ ከትልቁ ፋይላችሁ በላይ አድርጉት፤ እዚህ 100 ጊጋ ይበቃል።

ሁለተኛው ዲስክ ምንም አልገባበትም?

ይህ ብዙ ጊዜ ችግር አይደለም። «ሃይ ወተር» የሚባለው የአሎኬሽን ሜተድ ምርጫ የሚጀምረው ከትልቁ ዲስክ ግማሽ ነው። ትልቁ 8 ቴራ ከሆነ፣ አንደኛው ዲስክ ላይ ያለው ክፍት ቦታ ከ4 ቴራ በታች እስኪወርድ ሁለተኛው ይጠብቃል።