1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ለሚመጣ ልጅ

ልጅ ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ ይህን መልስ ስንት ደብተር ላይ እንዳየሁት እግዜር ይወቀው። ልጁ ላዕልና ታህት (የክፍልፋዩን የላይኛና የታችኛ ቁጥር) መለየት፣ ታህቱ አንድ ዓይነት ሲሆንም መደመር ይችላል ብዬ ልቀጥል።

ምልክቱ፦ 1/2 + 1/3 = 2/5።

መንስኤው፦ "አላጠናም" ብላችሁ አትቆጡ። ልጁ ያየውን ነው የቆጠረው። ሁለት ሳጥን ተሳለለት፤ አንዱ ለሁለት፣ ሌላው ለሦስት ተከፈለ። የተቀባው ሁለት፣ ቁራጩ በጠቅላላ አምስት። ሥዕሉ ራሱ ነው ያሳሳተው።

አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪዬ 1/2 + 1/4 = 2/6 ብላ ድርቅ አለች። "ቲቸር፣ ቁጠረው!"

"ግማሽ ኪሎ ስኳር ገዛሽ፤ ባለሱቁ ሩብ ጨመረልሽ። በዛ ወይስ አነሰ?"

"በዛ።"

"የስድስት ግማሽ ስንት ነው?"

"ሦስት።"

"አንቺ የጻፍሽውስ?"

ላጲስ ፍለጋ ቦርሳዋን ከፈተች።

መፍትሄው፦ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ወርዱ 2፣ ቁመቱ 3 ካሬ የሆነ ሳጥን ሁለት ጊዜ ሳሉ። 2 እና 3 ታህቶቹ ናቸው። የአንዱን ግማሽ ቀቡ፤ 3 ካሬ ነው። የሌላውን ሲሶ ቀቡ፤ 2 ካሬ ነው። አሁን ቁራጮቹ እኩል ናቸው። ሁለቱን ካሬ ወደ መጀመሪያው ሳጥን ባዶ ቦታ አሻግሩ። 5/6 ሆነ፤ አንድ ካሬ ባዶ ቀረ።

ማሻገሩን እንዳትዘሉ! የዘለለ ልጅ የሁለቱንም ሳጥን ካሬ ቆጥሮ 5/12 ይጽፋል። እስከዚያ ድረስ ሁሉንም በትክክል ስለሠራ ስህተቱን ማስረዳት ያስቸግራል። "አንዱ ሳጥን አንድ ሙሉ ዳቦ ነው" እያላችሁ ደጋግሙ። 1/2 + 2/3 ሲሆን የመጀመሪያው ሳጥን ይሞላና አንድ ካሬ ይተርፋል፤ 1 ከ1/6 ማለት ነው።

ሳጥኖቹ እኩል ይሁኑ። ክብ ሥዕል ለግማሽና ለሩብ ያምራል፤ ሲሶ ላይ ግን ልጁ በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይቆርጠውና ቁራጮቹ እኩል አይሆኑም። የተቀባውና ባዶው የማይለይበት የፎቶ ኮፒ ወርክሺትማ ለምን እንደሚታደል አይገባኝም። ጣሉት።

የተቀባውን ትቶ ባዶውን የሚቆጥር አልፎ አልፎ ያጋጥማል። የቱን እንደቆጠረ ጠይቁት፣ በቃ።

መያዙን ለማወቅ 1/4 + 2/3 ስጡትና የሳጥኑን ልክ አትንገሩት። ራሱ 4 በ3 ስሎ 11/12 ካለ ገብቶታል። ለ1/2 + 1/4 ደግሞ 2 በ4 ስሎ 6/8 ቢል ትክክል ነው፤ 3/4 አላለም ብላችሁ ኤክስ አታድርጉበት።