መስኮት ሲያልብ፣ ሲያፈስና ሲሰነጠቅ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

አዲስ አበባ ውስጥ መስኮት ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚጠራው ሲሊኮን ነው። አፈሰሰ፣ ሲሊኮን፤ ነፋስ አስገባ፣ ሲሊኮን፤ ተንኳኳ፣ አሁንም ሲሊኮን። ብዙ ጊዜ ግን ሲሊኮኑ ራሱ ችግሩን ያባብሰዋል፤ መስታወት መቀየርም ለብዙዎቹ ችግሮች መፍትሔ አይሆንም። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ምልክቱን በደንብ እዩት።

በቅድሚያ መስኮታችሁን ለዩ። በቆዩ ቤቶችና በብዙ ኮንዶሚኒየሞች ያለው የብረት መስኮት ነው፤ መስታወቱን የሚይዘው ስቱኮ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሊጥ መሳይ ማጣበቂያ) ወይም ፌርማቬትሮ (በጠርዙ የሚታሰር ቀጭን ዘንግ) ነው። ተንሸራታች አልሙኒየም በሐዲድ ላይ የሚሄድ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ግማሹ ብቻ ይከፈታል። ተከፋች አልሙኒየም ወይም ፒቪሲ ደግሞ ሲዘጋ ጎማውን ጨፍልቆ ስለሚይዝ ነፋስንም ድምፅንም ከሁሉም የተሻለ ይከላከላል።

ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ያልባል

ጣታችሁን በውስጥ በኩል አሳልፉበት። ከጠራ ጥፋቱ የመስኮቱ ሳይሆን የቤቱ አየር ነው። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሆኖ የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ከሆነ፣ እስከ 12 ዲግሪ የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ላይ ውሃ ይቋጠራል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ነጠላ መስታወት እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። እርጥበቱን የሚያመጡት የተኙ ሰዎች ትንፋሽ፣ ክዳኑ የተከፈተ ድስትና ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ ናቸው። ከመኝታ በፊትና ጠዋት ሲነጋ ትይዩ ያሉ መስኮቶችን ለጥቂት ደቂቃ ከፍታችሁ አየሩን ቀይሩ፤ መጋረጃውንም ከመስታወቱ አርቁት። አየር ሳትቀይሩ ድርብ መስታወት (በመካከሉ ክፍተት ይዞ የታሸገ ሁለት መስታወት) ብታስገቡ እርጥበቱ ወደ ቀዝቃዛው ግድግዳ ጥግ ይሄድና ሻጋታ ያበቅልላችኋል።

ጭጋጉ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ነው

በውስጥም በውጭም ጠርጋችሁ ካልጠራ የጠርዙ ማሸጊያ ተከፍቷል ማለት ነው። በሁለቱ መስታወቶች መካከል ዙሪያውን ያለው ዘንግ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ጥራጥሬ አለ፤ እሱ ከጠገበ በኋላ ውሃው መስታወቱ ላይ ይታያል። አንዴ ከገባ አይጠረግም። ፍሬሙ ደህና ከሆነ ግን ሙሉ መስኮት መቀየር አያስፈልግም፤ የታሸገውን ድርብ መስታወት ብቻ በልኩ አሠርቶ መተካት ይቻላል።

ለእኛ አገር ደጋ ከተሞች ለብቻው መነገር ያለበት ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ባለ ፋብሪካ ታሽጎ የመጣ ድርብ መስታወት የዚያን አገር አየር በሆዱ ይዞ ይመጣል። እዚህ ሲደርስ የውስጡ ግፊት ከውጭው ስለሚበልጥ መስታወቱ ወደ ውጭ ይነፋል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ከደጅ ቆማችሁ በመስታወቱ ላይ የሚታየውን የመብራት ምሰሶ ነጸብራቅ ተመልከቱ፤ ቀጥ ያለው ምሰሶ ጎብጦ ይታያችኋል። ሰፊው መስታወት ስለሚለጠጥ ጫናውን ያቃልላል። ጠባብና ትንሽ የሆነው ግን አይለጠጥም፤ ስለዚህ ጫናው ጠርዙን ይፈታዋል ወይም መስታወቱን ይሰብረዋል።

መፍትሔው ከግዢ በፊት ነው። የት እንደታሸገ ጠይቁ። እዚሁ ከተማ የታሸገ ከሆነ ግፊቱ ከመጀመሪያው እኩል ነው። ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ግፊቱን የሚያስተካክል ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ እንዲኖረው አስቀድማችሁ እዘዙ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሙቀት እንዳያስተላልፍ በመካከሉ ለሚሞላው የአርጎን ጋዝ ተጨማሪ አትክፈሉ፣ ጋዙ በዚያው ቱቦ ያመልጣል። አዲስ አበባ የታሸገውን ድሬዳዋ የሚወስድ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል፤ መስታወቶቹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ።

ዝናብ ሲጥል ከሐዲዱ ውሃ ወደ ቤት ይገባል

ተንሸራታች መስኮት ሐዲዱ ውስጥ ውሃ ቢገባ አያስደነግጥም፤ የተሠራው እንደዚያ ነው። የገባው ውሃ በታችኛው ፍሬም ፊት ለፊት ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ወደ ደጅ መውጣት አለበት። አንድ ኩባያ ውሃ ሐዲዱ ላይ አፍስሱና ጠብቁ። ካልወረደ ቀዳዳዎቹን ፈልጉ፤ አንዳንዴ አቧራና የልስን ፍርፋሪ ደፍኗቸዋል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አልተበሱም፣ ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ሊያፈስ ነው ተብሎ በሲሊኮን የተደፈኑት ናቸው። በቀጭን ሽቦ ክፈቷቸው፣ ከሰኔ በፊትም ሐዲዱን በብሩሽ አጽዱ።

ቀዳዳው ክፍት ሆኖ አሁንም ካፈሰሰ በፍሬሙና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ጠርጥሩ። በጎማ ቱቦ ውሃ ከታች ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየወጣችሁ እርጩ፤ በየደረጃው ቆዩ፣ ውስጥ ሆኖ የሚያይ ሰውም ይኑር። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ስለሚያረጥብ ምንጩ አይለይም። የመስኮቱ ደፍ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ደፉን ማስተካከል እንጂ ሌላ መፍትሔ የለም። የፍሬሙንና የግድግዳውን ክፍተት ለመድፈን ሲሊኮን ቦታው ነው፤ ግን ኮምጣጤ የሚሸተውን ተዉት። እሱ ብረትን ያዝጋል፣ የድርብ መስታወትንም ማሸጊያ ሊጎዳ ይችላል። ኒውትራል የሚባለውን ጠይቁ።

ማንም ሳይመታው ተሰነጠቀ

ስንጥቁ የት እንደጀመረ ምክንያቱን ይናገራል። ከአንድ ነጥብ እንደ ኮከብ ከተበተነ ተመትቷል። ከጠርዙ በቀጥታ፣ ልክ በማዕዘን መለኪያ እንደተሰመረ ተነሥቶ ከዚያ ከተጠማዘዘ ሙቀት ነው፦ መሐሉ በፀሐይ ግሎ ፍሬሙ ውስጥ የተደበቀው ጠርዝ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ቀለም ያለው መስታወት፣ የተለጠፈበት ፕላስቲክና የተጠጋ ወፍራም መጋረጃ ይህን ያባብሳሉ። እንዲህ ያለውን በዚያው ዓይነት ተራ መስታወት ብትተኩት ይደገማል፤ በሙቀት በተጠናከረው፣ ቴምፐርድ በሚባለው መስታወት ተኩት።

በብረት መስኮት ላይ ከጥግ የተነሣ ስንጥቅ ግን ብዙ ጊዜ ከዝገት ነው። ዝገት ከበላው ብረት እጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ስለሚይዝ መስታወቱን ጨምቆ ይሰብረዋል። አሮጌውን ስቱኮ ሙልጭ አድርጋችሁ አውጡ፣ ብረቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጉ፣ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ቀቡ፣ ከደረቀ በኋላ መስታወቱን በዙሪያው ክፍተት ትታችሁ አስገቡ። ዝገቱ ላይ ቀለም መቀባት አንድ ክረምት እንኳ አያሻግርም።

ይከብዳል፣ ይንኳኳል፣ ነፋስ ያስገባል

ተንሸራታች ከከበደ ከታች ጥግ ያለችውን የሮለር (መስኮቱ የሚሄድበት ትንሽ ጎማ) ማስተካከያ ብሎን በካቻቪቴ ሞክሩ። የተበላ ሮለር ይቀየራል። ዘይት አትቀቡ፣ አቧራ ይሰበስባል። ነፋስ የሚገባው በጎን ያለው ፀጉራም ማሸጊያ ስላለቀ ነው፤ እሱ በሜትር ይሸጣል። ተከፋቹ ታች ከነካ ብዙ ጊዜ መስታወቱ በሽብልቅ በትክክል አልተደገፈም፤ አንዱ ሽብልቅ ከታች በማጠፊያው በኩል፣ ሌላው ከላይ በእጀታው በኩል ሆኖ መዝጊያውን በሰያፍ መደገፍ አለበት።

የከሰዓት ፀሐይ ቤቱን ያጋግላል

ወደ ምዕራብ ለዞረ መስኮት ከማንኛውም መስታወት በፊት በውጭ በኩል ጥላ አድርጉለት። ጥላ ካልተቻለ የሚያንጸባርቀው መስታወት ከጥቁሩ ይሻላል፤ ጥቁሩ ሙቀቱን ራሱ ይመጥና ወደ ክፍሉ ይመልሳል። የሚያንጸባርቀው ግን ማታ መብራት ስታበሩ ከውጭ ያሳያችኋል፤ ስለዚህ መጋረጃው አይቀርም። ለልጆች ክፍልና ወለሉ አጠገብ ዝቅ ብሎ ለሚጀምር መስኮት ሁለት ንብርብሩ በፕላስቲክ የተጣበቀውን ሌሚኔትድ ምረጡ፤ ቢሰበርም አይረግፍም።

ቴምፐርድ ከሆነ የምታዝዙት፣ ጥግ ላይ የታተመውን ማህተም ሳታዩ አትረከቡ። ከተሠራ በኋላ በምንም መሣሪያ አይቆረጥምና ወርዱንም ቁመቱንም በሦስት በሦስት ቦታ ለክታችሁ ትንሹን ያዙ፤ ከዚያ በየጎኑ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ቀንሱለት።