የሐይቅ ዳር ቤታችን ንድፍ ከርቀት ደንቡ ጋር የተስማማበት መንገድ

በአቃቂ በኩል፣ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ አጠገብ ለምንሠራው ቤት ያቀረብነው ንድፍ ከውኃው በበቂ ሁኔታ አልራቀም በሚል ተመልሶ ነበር። መፍትሔው የልኬቱን መነሻ ማስተካከል ሆነ፤ ቀያሹ የለካው በበጋ ከሚታየው የውኃ ጠርዝ ሲሆን፣ ታላቁና ትንሹ አቃቂ በሐምሌና በነሐሴ ሞልተው ወደ ሐይቁ ሲገቡ ግን ውኃው ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ነባር ገበሬዎች ክረምት ውኃው የሚደርስበትን ከፍተኛ መስመር አሳዩን፣ እኛም በችካል ምልክት አድርገን ርቀቱን ከዚያ አስለካን፤ የመንገዱን ወሰን ሳንነካ ቤቱን ወደ ኋላ ሳብነው፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱንም ከሐይቁ በተቃራኒው ወገን አደረግነው። በረንዳው ጠበበ፤ ሐይቁን ከመበከል ግን ይህ እጅግ ይሻላል። ክፍት በቀረው ዳርቻ ሥሩ በጥልቀት ወርዶ አፈር የሚይዘውን ቬቲቨር ሣር ተክለናል። የተሻሻለው ንድፍ ፈቃድ አግኝቷል።