ዛፍ የጋረደው ዲሽ፦ ከፍ ከማድረጋችሁ በፊት ራቅ አድርጉት

እማዬ የምትኖረው አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ከግቢዋ በስተምዕራብ ጎረቤታችን ጋሼ ለአጠና ብለው የተከሏቸው ባህር ዛፎች አሉ። ዲሹን ስንገጥም ትንንሾች ነበሩ። ከሦስት ክረምት በኋላ ግን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ምስሉ ይቆራረጥ ጀመር። ቆይቶ የናይልሳት ጣቢያዎች ጭራሽ ጠፉ። የጠራነው ባለሙያ «ብረቱን በሦስት ሜትር አስረዝሙት» ብሎን ሄደ። አስረዘምነው። ምስሉ አልተመለሰም፤ ጭራሽ ብረቱ በነፋስ ይወዛወዝ ጀመር።

ያኔ ነው ነገሩን ራሴ የያዝኩት።

መጀመሪያ ጥፋቱ የዛፉ መሆኑን አረጋግጡ። የሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ስትሬንግዝ (ጉልበት) እና ኳሊቲ (ጥራት) የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። ስትሬንግዝ ዲሹ ወደየትም ቢዞር ከፍ ብሎ ሊታይ ስለሚችል አትመኑት። እውነቱን የሚናገረው ኳሊቲ ነው። ነፋስ ሲነፍስ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ቅርንጫፍ ነው። ዶፍ ሲወርድ ብቻ ጠፍቶ የሚመለስ ከሆነ ዝናቡ ነው። ጸጥ ባለ ቀን፣ ፊት ለፊቱ ምንም ሳይኖር ዜሮ ከሆነ ደግሞ ወይ ዲሹ ዞሯል ወይ ኬብሉ ተበላሽቷል። እርጥብ ቅጠል ከደረቅ ቅጠል ይበልጥ ሞገዱን ይውጣል። በጋውን በቅጠል መሃል ሾልኮ ይመጣ የነበረ ምስል ሐምሌ ላይ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ሳተላይቱ ሰማይ ላይ የት እንዳለ እወቁ። ከአዲስ አበባ ሲታይ ናይልሳት ከምዕራብ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ድሬዳዋ ላይ ወደ 33 ይወርዳል። ይህ ዝቅ ያለ ነው፤ ዛፍ በቀላሉ ይጋርደዋል። ዲሹ ራሱ ግን እንዳያሳስታችሁ። ቤታችን ያለው ዓይነት ባለ 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ፊቱ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል እንጂ የሚያየው ከፊቱ ሃያ ምናምን ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው።

በጣም የምወደው ዘዴ የፀሐይ ነው። መስቀል ሰሞን ፀሐይ ልክ በናይልሳት ቦታ ታልፋለች፤ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45 ገደማ። መጋቢት 7 አካባቢም 10 ሰዓት ሲል ትደግመዋለች። በዚያች ሰዓት ዲሹ ላይ የዛፍ ጥላ ካረፈ የጋረደው እሱ ነው። ጥላ የሌለበትን ቦታ ፈልጋችሁ ምልክት አድርጉበት። በእነዚያ ቀናት ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ቢጠፋ አትደንግጡ፤ ፀሐይዋ ከሳተላይቱ ኋላ ስለቆመች ነው።

መስቀልን መጠበቅ ካልቻላችሁ የተማሪ ፕሮትራክተር ይበቃል። እኔ መሃሉ ላይ ክር አስሬ ጠጠር አንጠለጠልኩበት፤ በጠርዙም የዛፉን ጫፍ አነጣጠርኩ። ዲሹ ከነበረበት ቦታ 52 ዲግሪ ሆነ፤ ናይልሳት ካለበት 37 በብዙ ይበልጣል። ሦስት ሜትር ብረት ያልረዳን ለዚህ ነበር። አቅጣጫውን በስልክ ኮምፓስ ስትለኩ ከቆርቆሮና ከብረት ራቅ በሉ፤ ያዛባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ለናይልሳት ከዛፉ አንድ ሜትር በራቃችሁ ቁጥር ዲሹን 74 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዳደረጋችሁት ነው። የእማዬ ዲሽ ከዛፎቹ 7 ሜትር ላይ ነበር። ከኋላ ወዳለው ማዕድ ቤት ግድግዳ ወሰድኩት፤ ከዛፎቹ 15 ሜትር ራቀ። ቦታው ከድሮው አንድ ሜትር ዝቅ ይላል፤ የዛፉ ጫፍ ግን ከዚያ ሲለካ 34 ዲግሪ ብቻ ሆነ። ግድግዳው አይወዛወዝም። ከግራና ከቀኝም ቅርንጫፍ እንዳይገባ ክፍተት ተዉለት።

ኤልኤንቢውንም፣ ማለትም ዲሹ ፊት ለፊት ክንዱ ጫፍ ላይ ያለውን ሞገድ ተቀባይ፣ አትርሱ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ብዙ መጠምዘዝ አለበት። ኳሊቲውን እያያችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ኬብሉ አዲስና ያልተቀጣጠለ ይሁን። ጫፉን ውሃ እንዳይገባው በፕላስተር ጠቅልሉት።

የምታዩት የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ኢትዮሳት የሚሰራጭበት ሳተላይት ከአዲስ አበባ ሲታይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል 66 ዲግሪ ላይ ነው፤ አናት ላይ ማለት ይቀላል። 10 ሜትር የራቀ ዛፍ እንዲጋርደው ዲሹን ከ22 ሜትር በላይ መብለጥ አለበት። ሁለቱንም ከፈለጋችሁ ሁለት ዲሽ በአንድ ስዊች አገናኙ። በጣም ስለሚራራቁ በአንድ ዲሽ አይሆኑም።

ጋሼን ቅርንጫፍ እንዲያስቆርጡልን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። ግን አጠናው የልጆቻቸው ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ባለፈው መስቀል 9 ሰዓት ከ45 ላይ ማዕድ ቤቱ ጋ ቆሜ አየሁ። ጥላው ከዲሹ ሥር አንድ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ አርፏል። በከሰል አሰመርኩበት። ባህር ዛፍ ስለማይተኛ ዘንድሮም እለካዋለሁ።