ቅድመ አያቴን በአባታቸው ስም አገኘኋቸው
ቅድመ አያቴ ድሬዳዋ ባቡር ላይ እንደሠሩ እማዬ ትነግረኝ ነበር። የድሮው መዝገብ በፈረንሳይኛ ነው። በስማቸው ሁለት ቀን ፈልጌ አጣሁ። መላ የሰጡኝ ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያሉ የባቡር ጡረተኛ ጎረቤታችን ናቸው፤ «ልጄ፣ ገልብጠሽ ፈልጊ» አሉኝ። ለካ ጸሐፊው የአባታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ከፊት አድርጎታል! «ወ»ም በደብልዩ ሳይሆን በኦ እና በዩ ነው የተጻፈችው። እንደዚያ ስፈልግ ወጡልኝ፦ ፍሬን ያዥ። እማዬ «ነጂ ነበሩ» ነው የምትለው፤ እስካሁን አልነገርኳትም።

ዓመቱም አደናግሮኝ ነበር። 1910 የሚለው በፈረንጅ ነው፤ በኛ 1902 ወይም 1903 ይሆናል። ያኔ ሐዲዱ ገና አዲስ አበባ አልደረሰም፤ የደረሰው በፈረንጆቹ 1917 ነው። አሁን የደመወዝ ገጹን እየፈለግኩ ነው።