«ፕላንት»ን ወደ አማርኛ እንዴት እንደምንመልስ

እንግሊዝኛ ስንጀምር «ፕላንት ማለት ተክል» ተባልን፤ ደብተራችን ላይ ጻፍን፤ በዚያው አለፍን። ያቺ አንድ መስመር ምን ያህል ጎዶሎ እንደነበረች የገባኝ ሜሪላንድ ውስጥ በክሊኒኮችና በመሥሪያ ቤቶች ማስተርጎም ከጀመርኩ በኋላ ነው። የሥራ ውል ላይ ፕላንት አለ፣ የሐኪም ወረቀት ላይ አለ፣ የፖሊስ መዝገብ ላይ አለ፣ የሒሳብ ሪፖርት ላይ አለ፤ ከእነዚህ አንዱም ቅጠል የለውም። ከታች ያለው አሠራር በብዙ ስህተት የተገኘ ነው። ለምትተረጉሙ ብቻ ሳይሆን ለወላጆቻችሁ ደብዳቤ ለምታነቡም ይሆናል።

1. ስም ነው ወይስ ግስ?

ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ይኼን ሳታውቁ ወደ ሚቀጥለው አትሂዱ።

2. ስም ከሆነ ከፊቱ የቆመውን ቃል ተመልከቱ

እንግሊዝኛ ፋብሪካን ለምን ፕላንት ይለዋል? ቃሉ የመጣው «ፕላንታ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ለመትከል የተቆረጠ ቀንበጥ ማለት ነው። ከዚያ «መሬት ውስጥ አጽንቶ ማቆም» የሚል ግስ ወጣ፤ ከግሱ ደግሞ «የተተከለ ነገር ሁሉ» የሚል ስም። ማሽን ተተክሎ የሚሠራበት ቦታም በዚሁ ስም ተጠራ። የእኛም «ተከለ» እኮ ማሽን ይተክላል፤ «የማሽን ተከላ ተጠናቀቀ» እንላለን። ቦታውን ግን «ተክል» አንለውም፤ በሚሠራው ሥራ እንጠራዋለን። ስለዚህ የምትጠይቁት ጥያቄ «ምን ይሠራል?» ነው። ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ከሆነ ማመንጫ ነው፤ ግልገል ጊቤ 3 የውሃ ኃይል ማመንጫ፣ አሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ እንደሚባለው። ውሃ የሚያጠራ ከሆነ እንደ ለገዳዲ ማጣሪያ ነው። ሲሚንቶ ወይም ዶሮ የሚያልፍበት ከሆነ ፋብሪካ ወይም ማቀነባበሪያ። «ፕላንት ማናጀር» የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ እንጂ አትክልተኛ አይደለም።

ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። በእንግሊዞች አነጋገር «ፕላንት ሃየር» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ የሚከራየው ኤክስካቫተርና ሮለር ነው። የሒሳብ ሰዎች ደግሞ በዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ 16 ላይ «ንብረት፣ ፕላንትና መሣሪያ» የሚል ርዕስ አላቸው። እኔ «ንብረት፣ የማምረቻ ተቋምና መሣሪያ» ብዬ እጽፋለሁ። «ተክል» ብሎ የተረጎመ ሪፖርት አጋጥሞኛል፤ አንባቢው ድርጅቱ የቡና እርሻ ያለው መስሎት ነበር።

ቃሉ በእርግጥ ቅጠል ያለውን ነገር የሚያመለክት ከሆነም ገና አልጨረሳችሁም። «ተክል» ሰው የተከለውን ያስታውሳል። የቤት ውስጥ ተክል ትክክል ነው። ስለ ጫካ፣ ስለ መድኃኒት ወይም ስለ ሥነ ሕይወት ሲሆን ግን «ዕፅዋት» ይሻላል፤ ዱር የበቀለውን ማንም አልተከለውምና። «ኤግፕላንት» ደበርጃን ነው። ስሙ የወጣለት በ18ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች የሚያውቁት ዓይነት ነጭና እንቁላል የሚያህል ስለነበር ነው። ምግብ ላይ «ፕላንት ቤዝድ» ሲል ደግሞ ለእናቴ «የጾም ነው» እላታለሁ፤ በአንድ ቃል ይገባታል። በጽሑፍ ግን «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» እላለሁ፤ በጾም ዓሣ የሚበላም አለና ሁለቱ ፍጹም አንድ አይደሉም።

3. ግስ ከሆነ መሬት የሚገባው ምን እንደሆነ ጠይቁ

እንግሊዝኛ ሁሉንም በአንድ ግስ ያስገባል። እኛ ጋ የገበሬ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው ዘር ይዘራል፣ ችግኝ ይተከላል። ጤፍና ስንዴ ይዘራሉ፤ ቡናና እንሰት ይተከላሉ። እዚህ አገር በጋራ ጓሮ ጎመንና ቃሪያ ለሚያበቅሉ ወገኖች አንድ የአተካከል መመሪያ ስመልስ ሁሉንም «ትከሉ» ብዬ ነበር። አንድ አባት ወረቀቱን ይዘው መጡና «ልጄ፣ ዘሩን ነው ችግኙን?» አሉኝ። ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ጊዜውም ጥልቀቱም ይለያያልና። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛው ባይለይም እኔ እለያለሁ።

ፈንጂ ይቀበራል ወይም ይጠመዳል። ባንዲራ ይተከላል። ሐሳብ በሰው ልብ ውስጥ ይዘራል። አዲስ አጥቢያ ሲመሠረት «ቤተ ክርስቲያን ተከሉ» ይባላል፤ እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ያለ ምንም ድካም ይገናኛሉ።

ከባዱ የፖሊስና የፍርድ ቤት አነጋገር ነው። አንድ ተከሳሽ ዕፁ የእኔ አይደለም፣ ሌላ ሰው መኪናዬ ውስጥ «ፕላንት» አደረገው ካለ፣ «ተከለብኝ» ብትሉ ችካል የተተከለበት ይመስላል። አማርኛ ለዚህ ትንሽ ግን ኃይለኛ መሣሪያ አለው፤ «ብኝ» የምትለዋን። «መኪናዬ ውስጥ አስቀመጡብኝ»፣ «ኪሴ ውስጥ ጨመሩብኝ»። ተንኮሉም ጉዳቱም በዚያች ፊደል ውስጥ አለ። ጽሑፍ ከሆነ «ሆን ተብሎ የተቀመጠ ማስረጃ» ማለት ይቻላል። ሰው ራሱ «ፕላንት» ነው ከተባለ ደግሞ ሰርጎ ገብ ነው።

4 እና 5. ከፊቱ ቅጥያ ካለ፣ ከኋላውም ካለ

እነዚህን አንድ ላይ የማደርጋቸው ሥራው አንድ ስለሆነ ነው፤ ቅጥያውን አንሱና የቀረውን እዩ። «ትራንስፕላንት» ከአንዱ ነቅሎ በሌላው መትከል ነው፤ አማርኛው «ንቅለ ተከላ» ይለዋል። ይኼን ቃል ለፈጠረው ሰው ሁልጊዜ ምስጋና ይሰማኛል። ሁለት የቆዩ ቃላት ጎን ለጎን ቆመው አዲስ ሕክምናን ይገልጻሉ፤ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲባል ሆስፒታል ገብቶ የማያውቅ ገበሬም ነገሩ ይገባዋል። ከዘመናዊው ቃል ሁሉ ይኼን የሚያህል የለም። ሰውን «ትራንስፕላንት» ሲሉት ግን ከሌላ ከተማ መጥቶ የሚኖር ማለት ነው፤ «መጤ» አትበሉት፣ አማርኛው ያቆስላል።

«ኢምፕላንት» ጥርስ ከሆነ የጥርስ ተከላ ነው። የወሊድ መከላከያው ከሆነ «በክንድ የሚቀበር» በሉ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለእናቶች የሚሉት እሱን ነው።

«ፕላንቴሽን» ሻይ ወይም ሸንኮራ ከሆነ ሰፊ እርሻ ነው፤ የውሽውሽን ሻይ፣ የወንጂን ሸንኮራ አስቡ። ስለ አሜሪካ ደቡብ ታሪክ ሲሆን ግን «እርሻ» ብቻ ብሎ ማለፍ በደል ነው፤ ቃሉ በባርነት ጉልበት የሚታረሰውን ርስት ያስታውሳል። በድሮው እንግሊዝኛ ደግሞ አዲስ ሠፈራ ማለት ነበር፤ የሮድ አይላንድ ሕጋዊ ስም ውስጥ የነበረው በዚህ ትርጉሙ ነው። ሆኖም የባርነቱ ትዝታ ስለበረታ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የግዛቲቱ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ አውጥቶታል። የደቡቡን ግን እኔ «በባሪያዎች የሚለማ ሰፊ እርሻ» እላለሁ፤ ቢረዝምም አልጸጸትበትም።

6. እግርን አትርሱ

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው።

በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት አንዲት እናት ክሊኒክ መጡ። ውስጥ እግራቸው ላይ ትንሽ ደረቅ እብጠት ወጥቶ መርገጥ አቅቷቸዋል። ሐኪሟ አየችና «ፕላንታር ዋርት» አለች። እኔ ጆሮዬ የያዘው «ፕላንት»ን ነው። «እማማ፣ ከተክል የሚመጣ ኪንታሮት ነው» አልኳቸው። አልጠየቅኩም፤ አልተጠራጠርኩም። ኪንታሮት የሚለው ቃል ራሱ ሌላ በሽታም ስለሚጠራበት እሱን ለማስረዳት ስለፋ ዋናው ስህተት አለፈኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለክትትል ሲመጡ እኔው ነበርኩ። ሐኪሟ እንዴት ነዎት ስትላቸው፣ «ተክሎቹን አስወጥቻለሁ» አሉ። በረንዳቸው ላይ በቆርቆሮ ያሳደጓቸውን ጤና አዳምና በሶብላ ነው። ጤና አዳሙ ከአገር ከወጡ ጀምሮ አብሯቸው የኖረ ነበር። ሐኪሟ ግራ ገባት፤ እኔ ሆዴ ተላወሰ። የአስተርጓሚ ደንብ ስህተትህን ባወቅህ ጊዜ ለሁለቱም ወገን ተናገር ይላል። ተናገርኩ። መንስኤው ቫይረስ እንደሆነ፣ እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር ሲሄዱ ሊይዝ እንደሚችል፣ ከተክል ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው ሐኪሟ እንደገና አስረዳች። እማማ ዝም ብለው ሰሙኝና «አይ ልጄ፣ ጠይቀሃት ቢሆን ምናለ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በላቲን «ፕላንታ» ሁለት ትርጉም ነበረው፤ አንዱ ቀንበጥ፣ ሁለተኛው ውስጥ እግር። የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ሁለቱን የሚያገናኙት በሥራው ነው፤ ችግኝ የሚተክል ሰው ቀንበጡን ካስገባ በኋላ አፈሩን በእግሩ ረግጦ ያጠብቃል። በሕክምና የሚመጣው ይኼ የእግሩ ወገን ነው። «ፕላንታር» ካላችሁ ሁልጊዜ ውስጥ እግር ነው። «ፕላንታር ፋሺያይተስ» የውስጥ እግር ጅማት መቆጣት ሲሆን ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ነው በጣም የሚያመው።

«ሰፕላንት»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ መጀመሪያ ትርጉሙ እግሩን ጠልፎ መጣል ነበር። ዛሬ የሌላውን ቦታ ነጥቆ መያዝ ሆኗል። አማርኛው «ተካ» ብቻ ካላችሁ የነጠቃው ነገር ይጠፋል፤ «ገፍቶ ቦታውን ያዘ» በሉ። ፕላንቴን የሚባለው ተጠብሶ ወይም ተቀቅሎ የሚበላ ሙዝ ግን የእነዚህ ዘመድ አይደለም፤ በስፓኒሽ በኩል የመጣ ሌላ ቃል ነው።

መዝገበ ቃላት ላይም አንድ ቃል ልበል። የስልክ ተርጓሚ ፕሮግራሞች ፈጣን ናቸው፤ ብቻውን የቆመ ቃል ከሰጣችኋቸው ግን የመጀመሪያውን ትርጉም ይሰጧችኋል፤ እሱም ተክል ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስጧቸው። ከሁሉም በላይ ግን የቃሉን ታሪክ የሚጽፍ ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግዙ፤ አሮጌም ቢሆን ይሠራል። ለሕክምና ደግሞ ሐኪሙን «የትኛው የሰውነት ክፍል ነው?» ብሎ መጠየቅን የሚተካ መሣሪያ አላገኘሁም።

7. ወደ ኋላ መልሱት

የጻፋችሁትን አማርኛ እንግሊዝኛውን ላላየ ሰው አንብቡለትና ምን እንደገባው ጠይቁት። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትሄዱም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ተክለ ሰውነት» የሰው ቁመናና አቋም እንጂ ዕፅ አይደለም። «አትክልት» በግዕዝ የተክል ብዙ ቁጥር ነው፤ ዛሬ ግን አትክልት ተራ ሄዶ የሚገዛው ጎመንና ካሮት ነው። ተክለ ሃይማኖት «የሃይማኖት ተክል» ነው፤ ስም ግን አይተረጎምም፣ እንዳለ ይጻፋል። «ተክሊል»ን ደግሞ ከዚህ ረድፍ አታስገቡት። መልኩ ይመሳሰላል እንጂ ሥሩ «ከለለ» ነው፤ ከአክሊል ጋር ወንድማማች ነው። አንድ የጋብቻ ወረቀት ላይ ሙሽሮቹ «ተተከሉ» ተብሎ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ አይቼ፣ ጽሕፈት ቤቱ ሳይቀበለው በፊት አስተካክዬዋለሁ።

እማማ በቀጣዩ ወር ሲመጡ እግራቸው ድኖ ነበር። ጤና አዳሙን የሰጧት ጎረቤት አንድ ቀንበጥ ቆርጣ መልሳላቸዋለች፤ በቆርቆሮ ተክለው አፈሩን በእጃቸው እንዳጠበቁት ነገሩኝ።