አውትቦክስ ውስጥ ተገትሮ የቀረው ኢሜይል

ኮምቦልቻ ያለው መሥሪያ ቤታችን ለአዲስ አበባ ሰነድ ይልካል። ደረሰኝ፣ የጭነት ወረቀት፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ ሁሉም ስካን ተደርጎ አውትሉክ በተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ይሄዳል። ሰሞኑን ግን አንድ ኢሜይል አውትቦክስ (ኢሜይሎች እስኪላኩ የሚቆዩበት ሳጥን) ውስጥ ተገትሮ ቀረ። ከኋላው ያሉትም ተሰለፉ። ደረቅ ወደቡ ላይ ዕቃው እስኪለቀቅ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ነገሩ ያስጨንቃል።

ሁሉም ኔትወርኩን ጠረጠረ። ግን ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ አዲስ ኢሜይልም ይገባል። ችግሩ የተያያዘው ፋይል ነበር፤ 18 ሜጋባይት። ፋይል በኢሜይል ሲላክ ወደ ፊደላት ስለሚቀየር መጠኑ በሲሶ ያህል ይጨምራል። 18ቱ 24 ሆነ ማለት ነው። የሰርቨራችን ገደብ ደግሞ 20 ነው።

መጀመሪያ «ሴንድ/ሪሲቭ» ውስጥ ገብቼ መላኩን የሚያቆመውን «ወርክ ኦፍላይን»ን ተጫንኩ። ይቺን እንዳትዘሏት! አውትሉክ ለመላክ እየታገለ ሳለ ኢሜይሉን አያስነካም። ከዚያ ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩና ኢሜይሉን ወደ ድራፍትስ (የረቂቆች ሳጥን) ጎተትኩት። ኦንላይን ስመልሰው የተሰለፉት ተከታትለው ሄዱ። የፋይናንስ ክፍሏ እህታችን ደውላ «አብሽር፣ ደርሷል» ስትለኝ እፎይ አልኩ።

ስካነሩ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ነበር የሚያነሳው። ወደ 300 ሲወርድ የነጥቦቹ ብዛት ሩብ ይሆናል፣ ፊርማውም በደንብ ይነበባል። ማኅተሙ እንዲለይ ቀለሙን አልነካሁትም። እንደገና ስካን ያደረግኩት አዲሱ ፋይል ያለ ችግር ተላከ።

ድራፍትስ ውስጥ የቀረውን አሮጌውን ኢሜይል ግን አጥፉት፤ ሌላ ሰው ሳያውቅ መልሶ ሊልከው ይችላል።